ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ፦ መስመሮቹ የሚነግሩንና የማይነግሩን

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ርዝመቷ ከጣት ብዙም አይበልጥም። በአንድ ጎኗ ደም የሚገባበት ቀዳዳ አላት፤ መሃሏ ላይ ደግሞ ጠባብ መስኮት። ባለሙያው "አር ዲ ቲ" ይላታል፤ ፈጣኗ የወባ መመርመሪያ። የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። ዛሬ ግን ትኩሳት ያለው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህች ካሴት ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ዕቃ ልገምግማት። ምን ትችላለች? የት ላይ ትወድቃለች? የትኛዋን ዓይነት መምረጥ ይሻላል?

የአንድን ኩባንያ ምርት ለይቼ አላነሳም። ገበያው ላይ ያሉት ብዙ ናቸው። ውስጣቸው ሲታይ ግን በጥቂት ዓይነት ይጠቃለላሉ። ዋናው ልዩነት ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ሳይሆን ደሙ ውስጥ የሚፈልጉት ፕሮቲን ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። እወዳታለሁ። ከእጅ መዳፍ በማትሰፋ ነገር ይህን ያህል ሕይወት ሲተርፍ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር፣ ከአቅሟ በላይ ያምናታል። በተለይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡ ጥናቶች ይህችን ካሴት በአዲስ ዓይን እንድናያት ያስገድዳሉ። ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣን እናስታውስ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን የወባን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ወባን በእርግጠኝነት ለማወቅ ደም መስታወት ላይ መቀባት፣ ቀለም ማስያዝ፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነበር። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ፈጣኑ መመርመሪያ ብቅ ያለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ወባ የተጠረጠረ ሰው ሁሉ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ተመርምሮ ይረጋገጥ አለ። ይህች ካሴት ባትኖር ያ ምክር ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ከ2010 እስከ 2022 ድረስ አምራቾች ወደ 3.9 ቢሊዮን የሚጠጋ መመርመሪያ ሸጠዋል። አብዛኛው የሄደው ከሰሐራ በታች ወዳሉ የአፍሪካ አገሮች ነው።

አሁን ሳጥኑን እንክፈተው። እያንዳንዷ ካሴት ለብቻዋ በአልሙኒየም ከረጢት ታሽጋ ትመጣለች። ከረጢቱ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ፓኬት አለ። ከካሴቷ ጋር የአልኮል ጥጥ፣ የጣት መውጊያ፣ ደም ማንሻና ቡፈር የምንለው ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ይገኛል። አብዛኞቹ የሚፈልጉት 5 ማይክሮ ሊትር ደም ብቻ ነው። ከአንዲት ጠብታም ያነሰ ነው።

ደም ማንሻው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በአንድ ወቅት ስንጠቀምበት የነበረው ምርት ማንሻው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ጨመቅ አድርጋችሁ ስትለቁት ደሙ አንዴ ምልክቱን ያልፋል፣ አንዴ ሳይደርስ ይቀራል። ደሙ ሲበዛ መስኮቱ በሙሉ ቀይ ሆኖ ደካማ መስመር ይጠፋበታል። ሲያንስ ደግሞ ተሕዋሱ እያለ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። የሚያለቅስ ሕፃን እግሩን እያወራጨ በዚያ ቱቦ ትክክለኛውን መጠን ማንሳት ትግል ነው። ጫፉ ጎድጎድ ያለው የፕላስቲክ ዘንግ ግን ግሩም ነው። ጠብታዋን ነካ፣ ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካ፤ አለቀ። መመርመሪያ ስትመርጡ ስለ ፕሮቲኑ ብቻ ሳይሆን ስለዚህችም ትንሽ ዕቃ ጠይቁ። በየቀኑ የምትጨነቁበት እሷ ናት።

የውስጧ አሠራር ውብ ነው። ቀዳዳው ላይ ደምና ቡፈር ሲገባ፣ ወረቀቱ ፈሳሹን የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ እየሳበ ወደ ላይ ይወስደዋል። መንገዱ ላይ የወባ ተሕዋስ የሚያመርተውን ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲዎች ይጠብቁታል። አንቲቦዲዎቹ ላይ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ተጣብቀዋል። ፕሮቲኑ ካለ፣ ወርቁን የተሸከመው አንቲቦዲ ከነፕሮቲኑ "ቲ" የሚለው ቦታ ላይ ይያዛል። ወርቁ እዚያ ሲከማች ወደ ሮዝና ሐምራዊ የሚያደላ መስመር ይወጣል። ቀጥሎ "ሲ" የሚለው የመቆጣጠሪያ መስመር አለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው "ሲ" ላይ መስመር ካየ ምርመራው በትክክል ተሠርቷል ብሎ ይደመድማል። እንደዚያ አይደለም። የ"ሲ" መስመር የሚነግራችሁ ፈሳሹ እስከዚያ ድረስ መፍሰሱንና ወርቅ የተሸከመው አንቲቦዲ መድረሱን ነው። ደም በቂ መሆኑን አይነግራችሁም። እንዲያውም ደም ረስታችሁ ቡፈር ብቻ ብታንጠባጥቡ፣ በአብዛኞቹ ካሴቶች ላይ "ሲ" ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ውጤቱም ኔጌቲቭ ይመስላል። ለአዳዲስ ተማሪዎች ሁልጊዜ ሆን ብዬ ይህንን ሠርቼ አሳያቸዋለሁ። ባዶ ካሴት፣ ቡፈር ብቻ፣ አንድ ጥርት ያለ መስመር። ፊታቸው ሲለወጥ ይታያል። ከዚያ በኋላ ደም አነሳሳቸው ሌላ ይሆናል።

ሌላው የሚሳሳትበት ቦታ ሰዓቱ ነው። አንዷ ካሴት በ15 ደቂቃ፣ ሌላዋ በ20 ደቂቃ ትነበባለች። ቀድሞ ማንበብ ደካማ መስመር ያስመልጣል። ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ተረስታ የቆየች ካሴት ደግሞ የሌለ መስመር ልታሳይ ትችላለች። ቡፈሩም እንዲሁ ነው። የአንዱን ኪት ቡፈር ለሌላው መጠቀም፣ ወይም ሲያልቅ ውሃ ወይም ሴላይን መተካት ፈጽሞ አይገባም። በሽታ የሌለበትን ሰው በሽተኛ የሚያስመስል መስመር ሊያወጣ ይችላል። ደብዘዝ ያለ መስመር ግን መስመር ነው። በሰዓቱ ከታየ፣ የቱንም ያህል ቢገረጣ፣ ፖዘቲቭ ነው። "ትንሽ ነው ያለብህ" ማለትም የለም። የመስመሩ ድምቀት የተሕዋሱን ብዛት አይለካም።

ጥሩ ጎኗን ደግሞ በደንብ ልናገር፤ ይገባታል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በተለይ በሕፃን ላይ በፍጥነት ይከፋል። ጠዋት ትኩሳት የነበረበት ልጅ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። እናት ልጇን አቅፋ ስትገባ ያለው ጊዜ ውድ ነው። ስላይድ (ደም የተቀባበት መስታወት) በደንብ ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ ቀለም ይዞ፣ በጥንቃቄ እስኪታይ ድረስ አንድ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ወረፋ ካለ ከዚያም በላይ። ካሴቷ ግን እናቲቱ ልጇን አጥብታ ሳትጨርስ ትመልሳለች። መብራት አትፈልግም። በጥቂት ቀን ሥልጠና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ይዛት ትዞራለች። በ2023 በዓለም ላይ ወደ 263 ሚሊዮን ሰው በወባ እንደታመመና ወደ 597,000 ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። እነዚህ ልጆች ወዳሉበት ደጃፍ የሚደርስ ማይክሮስኮፕ የለም። ካሴት ግን ይደርሳል።

አሁን ወደ ፕሮቲኖቹ እንምጣ። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ካሴቶች በዋናነት ከሁለት ፕሮቲን አንዱን ወይም ሁለቱንም ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ኤችአርፒ-2 ይባላል። ይህን የሚያመርተው ፋልሲፓረም ብቻ ነው። በብዛት ያመርተዋል፣ ፕሮቲኑም ሙቀት ይችላል። ስለዚህ በእሱ ላይ የተሠሩ መመርመሪያዎች ጥቂት ተሕዋስ እንኳ ቢኖር የመያዝ አቅማቸው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ኤልዲኤች ነው። ይህን ሁሉም የወባ ዓይነቶች ያመርቱታል፤ ለፋልሲፓረም ብቻ ወይም ቫይቫክስ ለሚባለው ሌላ የወባ ዓይነት ብቻ ተለይቶ የተሠራም አለ። ለረጅም ጊዜ ገበያውን የያዘው ኤችአርፒ-2 ነው። ምክንያቱም ጠንካራ ነው።

የጥንካሬው ጣጣ ደግሞ አለ። ኤችአርፒ-2 ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። አንድ ጎልማሳ አስታውሳለሁ። የወባ መድኃኒቱን በሥርዓት ጨርሶ ተሽሎት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሳልና ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። ካሴቷ ሁለት መስመር አወጣች። "መድኃኒቱ አልሠራልኝም ማለት ነው?" ብሎ ደነገጠ። "ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን" ብዬ ስላይድ ሠራሁ። በስላይዱ ላይ ብዙ ፈለግሁ፤ አንድም ተሕዋስ የለም። ካሴቷ ያየችው የድሮውን ወባ ርዝራዥ ነው። ትኩሳቱ ከሳንባው ነበር። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ዙር የወባ መድኃኒት ይዞ ይሄድ ነበር፤ የሳንባው ሕመም ሳይታከም። ኤልዲኤች በዚህ በኩል ይሻላል። የሚያመርተው ሕይወት ያለው ተሕዋስ ስለሆነ፣ ተሕዋሱ ሲጠፋ እሱም ቶሎ ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ግን የሚደብቀው ታማሚው አይደለም፣ ተሕዋሱ ራሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤችአርፒ-2ን የሚያመርት ጂን አለ። አንዳንድ የፋልሲፓረም ተሕዋሶች ይህ ጂን ተሰርዞባቸዋል። ያለ እሱም ይኖራሉ፣ ይራባሉ፣ ሰው ያሳምማሉ። ኤችአርፒ-2 ብቻ የምትፈልግ ካሴት ግን አታያቸውም። በ2010 ተመራማሪዎች ከፔሩ የአማዞን አካባቢ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ይህን ሲያሳዩ፣ ብዙዎቻችን የሩቅ ጉዳይ አድርገን አነበብነው።

ከዚያ ኤርትራ መጣች። በ2016 በጊንዳዕና በምጽዋ ሆስፒታሎች 50 የፋልሲፓረም ታማሚዎች ተጠኑ። በጊንዳዕ ወደ 81 በመቶ፣ በምጽዋ ወደ 42 በመቶ የሚሆኑት የያዛቸው ተሕዋስ ጂኑ የለውም። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ እውነት ነው። ግን እስቲ አስቡት። በአንድ ሆስፒታል ከአምስት ታማሚ አራቱ "ወባ የለብህም" ሊባሉ ይችሉ ነበር። አገሪቱ ወዲያው መመርመሪያዋን ለወጠች።

በ2021 ደግሞ ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የኢትዮጵያ ጥናት ወጣ። ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑ አካባቢዎች ከ12,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ነው። ኤችአርፒ-2 ላይ ብቻ የቆመ ምርመራ በጂኑ መሰረዝ ምክንያት 9.7 በመቶ ያህል የፋልሲፓረም ታማሚዎችን ሊስት እንደሚችል ገመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚልበት መስመር 5 በመቶ ነው። ያ መስመር ታልፏል።

ጥናቱን ደጋግሜ ያነበብኩት ግን ለቁጥሩ ብዬ አይደለም። ተመራማሪዎቹ የተሕዋሱን ጂኖች ሲያጠኑ፣ ጂኑ የተሰረዘበት ዝርያ በቅርብ ጊዜ በብርቱ የተመረጠ እንደሆነ ምልክት አገኙ። ለምን ይመረጣል? በካሴት የተያዘ ተሕዋስ መድኃኒት ይወርድበታል። ካሴት ያልያዘው ተሕዋስ ግን ሰውየው ደም ውስጥ ይሰነብታል፣ ትንኟ መጥታ ትወስደዋለች፣ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እያንዳንዱ ምርመራ፣ በቅን ልቦና የተሠራው ጭምር፣ የተደበቀውን እያስቀረ የሚታየውን ያጠፋል ማለት ነው። እኔ ራሴ በዚህች ካሴት በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ይህ እየሆነ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የባሰም አለ። በ2023 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የታተመ የኤርትራ ጥናት፣ የዛሬው የወባ ሕክምና ዋና ለሆነው ለአርቴሚሲኒን መድኃኒት በከፊል የማይበገር ተሕዋስ በአገሪቱ እየተስፋፋ መሆኑን አሳየ። ከዚህ ጋር የተያያዘው የጂን ለውጥ በ2016 ከናሙናዎቹ 8.6 በመቶው ላይ ነበር፤ በ2019 ወደ 21 በመቶ ደረሰ። ይህ ለውጥ ካለባቸው ተሕዋሶች ውስጥ 16.9 በመቶዎቹ ኤችአርፒ-2 ጂንም፣ እሱን የሚመስለው ኤችአርፒ-3 ጂንም የላቸውም። ከምርመራውም ያመልጣሉ፣ መድኃኒቱንም ይቋቋማሉ። ሁለቱ ችግሮች አንድ ተሕዋስ ውስጥ ተገናኙ።

ታዲያ ሁላችንም ወደ ኤልዲኤች ብንዞርስ? ጂኑ ለተሕዋሱ ኑሮ ወሳኝ ስለሆነ እንደ ኤችአርፒ-2 በቀላሉ ጥሎት አይሄድም። መልካም ነው። ግን የቀደሙት የኤልዲኤች መመርመሪያዎች ጥቂት ተሕዋስ ሲኖር ደካሞች ነበሩ፤ ሙቀትም ቶሎ ይጎዳቸው ነበር። አዳዲሶቹ ተሻሽለዋል። ሲገዛ የቅርብ ጊዜ የጥራት ፈተና ውጤት መጠየቅ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያዎችን ሲፈትን የሚጠቀምበት ዝቅተኛ መጠን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 200 ተሕዋስ ነው። በዚያ መጠን ላይ ስንቱን ናሙና እንደያዘች እዩ። ከፍ ባለው መጠን ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው።

በአንጻሩ ተሕዋሱ እጅግ ሲበዛም ኤችአርፒ-2 ካሴት ሊሳሳት ይችላል። ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ሲሆን አንቲቦዲዎቹን አጥለቅልቆ መስመሩ ይገረጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የሚያጋጥመው ጥቂት ጊዜ ነው። ግን የሚያጋጥመው በጣም የታመመው ሰው ላይ ነው። ራሱን የሳተ ልጅ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው፣ ኔጌቲቭ መስመር ስላወጣ ብቻ ወባ አይደለም ተብሎ አይለፍ።

ስለ ሌሎቹ የወባ ዓይነቶች ደግሞ በአጭሩ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከወራት በኋላ ይነሳል። የተኛውን ተሕዋስ የትኛዋም ካሴት፣ የትኛውም ማይክሮስኮፕ አያየውም፤ ደም ውስጥ የለምና። ካሴቷን በዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከጦጣ ወደ ሰው የሚተላለፈው ኖውሌሲ የሚባለው ወባ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2004 የማሌዥያ ሳራዋክ ተመራማሪዎች በካፒት አካባቢ "ማላሪዬ" የሚባለው ሌላ የወባ ዓይነት አለባቸው እየተባሉ የሚታከሙ ብዙ ሰዎች በእርግጥ ኖውሌሲ እንዳለባቸው አሳዩ። በማይክሮስኮፕ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ማላሪዬ ቀርፋፋ ነው፤ ኖውሌሲ ግን በየ24 ሰዓቱ ይራባል፣ ሊገድልም ይችላል። ማሌዥያ ከ2018 ጀምሮ በሰዎች መካከል ብቻ የሚተላለፈውን ወባ ከአገሯ ውስጥ ብታጠፋም፣ ከማካክ ጦጣዎች የሚመጣው ቀጥሏል። ፈጣኖቹ መመርመሪያዎች እሱን በመያዝ ደካማ ናቸው። እዚያ አካባቢ ጫካ የሚሠራ ሰው ታሞ ቢመጣ በካሴት ብቻ አልረካም። ፒሲአር፣ ማለትም የተሕዋሱን ጂን የሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ፣ ያስፈልጋል።

ወደ ኔጌቲቩ እንመለስ። አንድ መስመር ብቻ ሲወጣ ብዙ ታማሚ "ተመስገን፣ ምንም የለብኝም" ብሎ ይነሳል። ትኩሳቱ ግን አለ። ካሴቷ የመለሰችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያ ፕሮቲን አለ ወይስ የለም። ትኩሳቱ ከታይፎይድ፣ ከሳንባ ምች፣ ከዴንጊ፣ ከስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉት ከባድ ቫይረሶች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወባ አይለዩም። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ማስመለስ። በመስከረም 2024 ሩዋንዳ ውስጥ የማርበርግ ወረርሽኝ ታወጀ። እስኪያበቃ 66 ሰው ተይዞ 15 ሰው ሞተ። ከተያዙት ብዙዎቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። መነሻው ፍራፍሬ የሚበሉ የሌሊት ወፎች ካሉበት የማዕድን ማውጫ ዋሻ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ወባ ኔጌቲቭ ሲሆን "የት ነበርክ? ዋሻ ገብተሃል? የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ ነክተሃል?" ብሎ መጠየቅ የምርመራው ግማሽ ነው።

ፖዘቲቭ መሆንም ጥያቄውን አይዘጋም። በምዕራብ አፍሪካው የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ሞንሮቪያ ከነበረ የሕክምና ማዕከል የተወሰዱ ናሙናዎች ሲጠኑ፣ ኢቦላ ከተገኘባቸው ሰዎች ከአምስት አንዱ ገደማ ወባም ነበረባቸው። ወባ በበዛበት ቦታ ሰው ተሕዋሱን ይዞ በሌላ በሽታ ሊታመም ይችላል። ሁለት መስመር አይቶ ጓንቱን የሚያወልቅ ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ዝም አልልም።

ስለ አያያዝም ልበል። አብዛኞቹ ካሴቶች እስከ 30 ወይም 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላሉ ይላል ማሸጊያው። የሚለው ግን ስለ መጋዘኑ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ መደርደሪያ ላይ ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል። የተጎዳች ካሴት "ሲ" ላይ መስመር አውጥታ "ቲ" ላይ ልትደክም ትችላለች፤ ከውጭ ምንም አይታወቅም። ፍሪጅ ውስጥ ማቀዝቀዝ መፍትሔ መስሏቸው በረዶ የሚያስይዙም አሉ። አይሆንም። ከረጢቱን ቀድሞ ቀዶ ደርድሮ መጠበቅም እንዲሁ። እርጥበት ይገባታል። ታማሚው ሲቀመጥ ይቀደድ። እርጥበት መምጫው ፓኬት ቀለም የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ ቀለሙ ከተለወጠ ያችን ካሴት ጣሏት።

ከማይክሮስኮፕ ጋር ማወዳደር ግድ ነው። ጥሩ ባለሙያ በመስክ ሁኔታ በማይክሮ ሊትር ከ50 እስከ 100 ተሕዋስ ያያል። ዓይነቱን ይለያል፣ ይቆጥራል፣ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ እየቀነሰ መሆኑን ይከታተላል። ካሴት ይህን አትችልም። በተቃራኒው ደካማ ቀለም፣ የቆሸሸ ሌንስ፣ የደከመ ዓይን ያለበት ማይክሮስኮፕ ከካሴቷ በብዙ ያንሳል። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው፤ ካሴት ስለመጣ ማይክሮስኮፑን ሸፍኖ ማስቀመጥ። ስላይድ የማንበብ ችሎታ ሳይሠራበት ሲቀር ይጠፋል። ካሴቷ የምትስተው ተሕዋስ ሲበዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚነቃው ስላይድ የሚያነብ ሰው ነው። ካሴቷ ኔጌቲቭ፣ ስላይዱ ፋልሲፓረም ሲሆን አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ናሙናውን አስቀምጦ ወደሚመለከተው መላክ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የትኛዋን? የጂን መሰረዝ ጥናት ተሠርቶ ከ5 በመቶ በታች በሆነበት፣ ፋልሲፓረምም በሚበዛበት አካባቢ፣ ኤችአርፒ-2 ዛሬም ምርጥ ናት። ቫይቫክስም ካለ ሁለቱን የምትለይ ጥምር ካሴት ይሻላል። ከ5 በመቶ ባለፈበት ቦታ ኤችአርፒ-2 ብቻ ያላትን አልገዛም። ለፋልሲፓረም ኤልዲኤች ያላትን እመርጣለሁ። ጥምር ካሴት ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ አንዱ መስመር ኤችአርፒ-2፣ ሌላው የሁሉም ወባ ኤልዲኤች ነው። የኤልዲኤቹ መስመር ብቻ ሲወጣ መመሪያው "ፋልሲፓረም ያልሆነ ወባ" ይላል። የጂን መሰረዝ ባለበት አካባቢ ግን ያ ራሱ የተደበቀ ፋልሲፓረም ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ሳይ ስላይድ ሳልሠራ ውጤት አልጽፍም።

አምራቾቹን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደም ማንሻውን አስተካክሉ። የምትፈልጉትን ፕሮቲን ስም ደግሞ በሳጥኑ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ሳይሆን ካሴቷ ራሷ ላይ በግልጽ አትሙት፤ አንዳንዶቹ ቀድመው ጀምረውታል። ሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው ደግሞ የውጤት ወረቀቱን ነው። "ወባ፦ ኔጌቲቭ" ብላችሁ አትተዉት። የምርመራውን ዓይነት፣ የፕሮቲኑን ስምና የትኛው መስመር እንደወጣ ጻፉ። ታማሚው ትኩሳቱ ሳይለቀው ሌላ ቦታ ቢሄድ፣ የሚቀበለው ባለሙያ ወባ በየትኛው ምርመራ እንደተፈለገና የትኛው ገና እንዳልተሠራ ከዚያ ወረቀት ያውቃል።